በረሮ፣ ፍሪሲዮንና መንጃ ፈቃድ

አርባ ዓመት የሞላው ሰው ብዙ አይቷል። ማትሪክ ተፈትኗል፣ ሽማግሌ ልኳል፣ ባንክ ሄዶ ብድር ለምኗል፣ የአከራይ ግልምጫ ችሏል። ሁሉንም ጥርሱን ነክሶ አልፎታል። ይኸው ሰው አንድ ማለዳ ጣሪያዋ ላይ «ለማጅ» የሚል ሰሌዳ የተሸከመች አሮጌ ኮሮላ ውስጥ ይገባል፤ አጠገቡም ወረቀት የያዘ ሰው ይቀመጣል። ያን ጊዜ የደኅንነት ቀበቶውን ከመቆለፊያው ማገናኘት ያቅተዋል። ምላሱ ከላንቃው ይጣበቃል። ቀኝና ግራው ይምታታበታል። ከአምስት ደቂቃ በፊት ደርሶ የተመለሰበት መጸዳጃ ቤት እንደገና ይናፍቀዋል።

መኪናዋ ገና አልተነሳችም።

ለመንዳት ዘግይተው የሚመጡ ሰዎች የየራሳቸው ምክንያት አላቸው። አንዷ ባሏ ሲነዳ ሃያ ዓመት ከጎኑ ተቀምጣ «ቀስ በል እንጂ» ስትል ኖራለች፤ አሁን እሱ ዓይኑን አመመውና መሪው ለእሷ ደረሰ። አንዱ ቁጠባው መኪና መግዣ የሞላለት ፀጉሩ ከሸበተ በኋላ ነው። ሌላው ዲቪ ደርሶት አሜሪካ ሲገባ ራሱን ያገኘው ወተት ለመግዛት እንኳ መኪና በሚያስፈልግበት ሰፈር ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ ደግሞ እስከ ሰኔ 2010 ዓ.ም. ድረስ ሴት ልጅ መሪ መጨበጥ ክልክል ነበር፤ ክልከላው ሲነሳ ከውጭ አገር መንጃ ፈቃድ ይዛ ያልተመለሰች ሁሉ፣ ዶክተሯም አያቷም፣ እኩል ለማጅ ሆኑ።

እነዚህን ሁሉ የሚያመሳስላቸው ምስጢር ጠባቂነታቸው ነው። የአሥራ ስምንት ዓመት ወጣት የፈተናውን ቀን ለሰፈሩ ሁሉ አውጆ ይሄዳል፤ ቢወድቅም ማታውኑ ከጓደኞቹ ጋር ይስቅበታል። ጎልማሳው ግን ቀኑን እንደ ጽንስ የመጀመሪያ ወር ይደብቀዋል። ለመሥሪያ ቤት «ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለኝ» ይባላል። ለጎረቤት «አንድ ጉዳይ አለኝ» ይበቃል። ለልጆች ምንም አይነገርም። ልጆቹ ግን ካወቁ ሰንብተዋል፤ አባታቸው ራት ላይ ግራ እግሩን ከጠረጴዛው ሥር ቀስ አድርጎ እያነሳ በማንኪያው ማርሽ ሲቀይር አይተውታል።

በየማሰልጠኛው የማትጠፋ አንዲት ወይዘሮም አለች። ዕድሜዋ ከአርባ አልፏል፤ ሥራዋ የሂሳብ ክፍል ኃላፊ ነው። ደረሰኝ ያጎደለ ሠራተኛ የቢሮዋን በር ከማንኳኳቱ በፊት ኮቱን ያስተካክላል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል። አሰልጣኟ ልጇ ሊሆን ምንም ያልቀረው ወጣት ነው፤ የሚጠራትም «ማዘር» እያለ ነው። መንገዱ ጭር ባለበት ሰዓት ጨዋነቱ ለጉድ ነው። «ማዘር፣ ስፖኪዮውን ይመልከቱ። ፍሬቻ ያሳዩ። አሁን ቀስ ብለው ይውጡ» ይላታል። ሲኖትራክ ከወደ ግራ ብቅ ሲል አንቱታው በመስኮት ዘሎ ይወርዳል። «ፍሬን! ኧረ ፍሬን ያዢ! ያዢ እንጂ!» ሲኖትራኩ ካለፈ በኋላ ሁለቱም ለአፍታ ዝም ይላሉ። ከዚያ ወጣቱ ጉሮሮውን ይጠርግና «ይቅርታ ማዘር፣ ይቀጥሉ» ይላል፤ አንቱታው ተመልሶ ተሳፍሯል።

እሷም አትቀየምም። ቢሮዋ ውስጥ እንዲህ የተናገራት ሰው ቢኖር ደመወዙ በሰዓቱ መግባቱ ያጠራጥር ነበር። እዚህ ግን «እሺ የኔ ልጅ፣ እሺ» ነው መልሷ።

አዲስ አበባ ደግሞ ለለማጅ የምትራራ ከተማ አይደለችም። ሜዳ ላይ የተለመደው ሁሉ ዳገት ላይ ይረሳል። ዳገት ላይ ቆሞ መነሳት ሲያወሩት ቀላል ነው፦ የእጅ ፍሬን ተይዟል፣ አንደኛ ማርሽ ገብቷል፣ ግራ እግር ፍሪሲዮኑን በጥቂት በጥቂቱ ይለቃል፤ የሞተሩ ድምፅ ወፈር ሲልና የመኪናዋ አፍንጫ ቀና ሲል እግር እዚያው ላይ ይቆያል፤ ቀኝ እግር ነዳጅ ይጨምራል፣ የእጅ ፍሬኑ ይለቀቃል፣ መኪናዋ ትወጣለች። ለሚችለው የጥቂት ሰከንድ ሥራ ነው። የሚፈራው ግን ፍሪሲዮኑን ባንዴ ለቆ መኪናዋን ያስፈነጥራታል፤ ሞተሩም ይጠፋል። ዳግመኛ ሲያስነሳ ደግሞ ያለ ልክ ይጠነቀቅና መኪናዋ ወደ ኋላ መንሸራተት ትጀምራለች። ከኋላ ሁልጊዜ ሚኒባስ አለ። ረዳቱ እስከ ወገቡ በመስኮት ወጥቶ ምክሩን ይለግሳል፦ «ማዘር፣ እሷን ሽጫትና በኛ ሂጂ!»

ይህን ጊዜ ሰውነት ውስጥ የሚካሄደውን አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ዋልተር ካነን በ1915 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ በደንብ አስረድቶታል። አደጋ ሲመጣ አካል ወይ ለመፋለም ወይ ለመሸሽ ይሰናዳል። ከኩላሊት በላይ የተቀመጡት ዕጢዎች አድሬናሊን ወደ ደም ይለቃሉ፤ ልብ ይፈጥናል፣ ደም ከሆድ ዕቃ ወደ ጡንቻ ይዞራል፣ መዳፍ በላብ ይርሳል። የመጣው ጅብ ከሆነ ዝግጅቱ ግሩም ነው። ፍሪሲዮን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ለሩጫ የተሰናዳ እግር «ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ በልና እዚያው ቁም» ሲባል ይንቀጠቀጣል። ጉልበቱ ቄጤማ የሚሆንበት ሰው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፤ እግሩ ከጅብ ሊያስመልጠው ተነስቶ ሳለ አትንቀሳቀስ ስለተባለ ነው።

ጅቡ ታዲያ ማነው? መንገዱ እንዳይባል፣ ያችው ወይዘሮ በዚያው መንገድ ትናንት ከአሰልጣኟ ጋር ስትነዳ ውላለች። መኪናዋ እንዳትባል፣ ያችው የለመደቻት ኮሮላ ናት። ዛሬ አዲስ የተጨመረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም በስተቀኝ የተቀመጠው፣ የማይጮኸውና የማይናከሰው፣ እስክሪብቶ የያዘው ሰውዬ ነው።

እዚህ ላይ በረሮ መግባት አለባት።

ሮበርት ዛየንስ የሚባል ፖላንድ የተወለደ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1969 እ.ኤ.አ. ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከባልደረቦቹ ጋር በረሮዎችን ፈተነ። በረሮ ብርሃን አትወድም፤ መብራት ሲበራባት ወደ ጨለማ ትሮጣለች። ተመራማሪዎቹ ሁለት ዓይነት መንገድ አበጁላት፤ አንዱ ቀጥ ያለ፣ ሁለተኛው መታጠፊያ ያለው። ከዚያም በመንገዱ ዳርና ዳር፣ ውስጡ በሚታይ ሳጥን፣ ሌሎች በረሮዎችን ተመልካች አድርገው አስቀመጡ። ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ተመልካች ያላት በረሮ ብቻዋን ከምትሮጠው በረሮ ፈጠነች። መታጠፊያ ባለው መንገድ ላይ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ተመልካች ያላት ዘገየች፣ ብቻዋን የሆነችው ቶሎ ደረሰች። የለመዱትንና ቀላሉን ነገር ተመልካች ያሳምረዋል፤ ገና ያልተዋሐዳቸውን ያበላሸዋል ማለት ነው።

በረሮ «ዘመድ ምን ይለኛል» ብላ እንደማትጨነቅ የታወቀ ነው። ዛየንስ ሊያሳይ የፈለገውም ይህንኑ ነበር፤ ሐሜት በሌለበት እንኳ መታየት ብቻውን ይበቃል። ሰው ደግሞ በዚያ ላይ ሐሜቱን ይጨምርበታል። ሳሊ ዲከርሰንና ማርጋሬት ኬሜኒ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2004 እ.ኤ.አ. 208 የላብራቶሪ ጥናቶችን አንድ ላይ ሰብስበው ሲመረምሩ፣ ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ሆርሞን አብልጦ የሚያሻቅበው ሰው በሌሎች ፊት ሲዳኝና ነገሩ ከቁጥጥሩ ውጭ ሲሆንበት መሆኑን አገኙ። የመንጃ ፈቃድ ፈተና ሁለቱንም አሟልቶ ይዟል። ዳኛው ጎን ተቀምጧል፤ ፊት ለፊት ደግሞ ፍሬቻ ሳያሳይ የሚታጠፍ ባጃጅ አለ።

ለዚህ ነው ጎልማሳ ከወጣት የባሰ የሚርበተበተው። ወጣቱ በየቀኑ ይፈተናል፤ ክፍል ውስጥ፣ ሜዳ ላይ፣ በየጓደኛው ፊት። ጎልማሳው ፈታኝ እንጂ ተፈታኝ መሆን ከተወ ዓመታት አልፈዋል። ሥራውን ያውቀዋል፣ ቤቱን ያስተዳድራል፣ ሰው ምክር ይጠይቀዋል። አሁን ግን ሳይችል እየታየ ነው፤ የሚያይበት ደግሞ ልጁ የሚያህል ሰው ነው።

ተመልካች በሌለበት ነገሩ እንዴት እንደሚቀል ታሪክ ይመሰክራል። ቤንትሌ የተባለ እንግሊዛዊ አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነበር፤ አፄ ምኒልክ ዕድሜያቸው ከስልሳ አልፎ ነበር። ወጥተው ሲሳፈሩ «እዚህ ጋ ያቁሙ፤ አሁን ወደ ኋላ ይመልሱ» የሚላቸው ባለ ወረቀት አልነበረም። የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ በጦሩ ውስጥ ሹፌርነትና መካኒክነት ሠልጥነው ዕድሜ ልካቸውን ነድተዋል፤ መንጃ ፈቃድ ግን አላወጡም፤ ፈቃዱ የሚሰጠው በስማቸው ስለነበር ለራሳቸው አያስፈልጋቸውም ነበር።

ዘውድ የሌለው ሰው ደግሞ በጅምላ የቀለለት ቀን አለ። ኢትዮጵያ እስከ 1956 ዓ.ም. የምትነዳው በመንገዱ ግራ በኩል ነበር፤ በዚያው ዓመት ሰኔ 1 ቀን ወደ ቀኝ ተዛወረች። ሃያ ዓመት የነዳው የጭነት ሹፌርም ባለፈው ወር ፈቃድ ያወጣውም በዚያ ማለዳ እኩል ነበሩ፤ እኩል በተሳሳተው ወገን ሊወጡ ይከጅላቸዋል፣ እኩል ወደተሳሳተው ወገን ይዞራሉ። አገር ሁሉ ለማጅ በሆነበት ቀን ማን ማንን «ለማጅ!» ብሎ ይሰድባል?

እንግሊዝ ፈተናውን አስገዳጅ ያደረገችው በሰኔ 1935 እ.ኤ.አ. ነው። ምክንያቱም ቀልድ አልነበረም፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 2.4 ሚሊዮን ተሽከርካሪ ባለበት አገር መንገድ ላይ 7,343 ሰው ሞቶ ነበር። በመጀመሪያው ዘመን የመፈተኛ ጣቢያ ስላልነበረ ተፈታኝና ፈታኝ ባቡር ጣቢያ ወይም መናፈሻ ዳር ተቀጣጥረው ይገናኙ ነበር። ፍቅረኛ የሚጠብቅ የመሰለው ሰውዬ ፈታኝ ሆኖ ሲገኝ የሚሰማውን ስሜት መገመት አያስቸግርም። ከ1956 መጨረሻ እስከ 1957 እ.ኤ.አ. ሚያዝያ ደግሞ የስዊዝ ቦይ ቀውስ ነዳጅ አሳጥቶ ፈተናው ቆመ፤ ፈታኞቹ ነዳጅ ለማከፋፈል ሲጠሩ ለማጆች አጃቢ ሳይኖር ብቻቸውን እንዲነዱ ተፈቀደላቸው። በረሮዋ ሳጥኖቹ ተነሱላት።

ሳጥኖቹ ያልተነሱላቸው ግን ብዙ ናቸው፤ ሁለት ወይዘሮዎች ለዚህ ምስክር ናቸው። ሚሪያም ሃርግሬቭ የዌክፊልድ ነዋሪ ነበሩ፤ ሰሜን እንግሊዝ። 39 ጊዜ ወድቀው በ40ኛው፣ በ1970 እ.ኤ.አ.፣ አለፉ። እዚያ እስኪደርሱ 212 የመንዳት ትምህርት ወስደዋል፤ ሲያልፉ መኪና መግዣ ገንዘብ አልተረፋቸውም። የደቡብ ኮሪያዋ ቻ ሳሱን ደግሞ ይህን ቁጥር ልጅ አደረጉት። አትክልት የሚሸጡ የገጠር ሴት ነበሩ፤ የልጅ ልጆቻቸውን በመኪና ማዞር አማራቸው። በ2005 እ.ኤ.አ. የጽሑፉን ፈተና ጀመሩ፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በሳምንት አምስት ቀን እየሄዱ ይፈተኑ ነበር። ማለፊያው ከመቶ 60 ነው። ጽሑፉን ካለፉ በኋላ በመንዳቱም ደጋግመው ወድቀው፣ በ2010 እ.ኤ.አ. በ69 ዓመታቸው፣ በድምሩ በ960ኛው ሙከራ ፈቃዱን ያዙ። ሃዩንዳይና ኪያም መኪና ሰጧቸው። አንድ ጊዜ ወድቆ ሦስት ቀን ከሰው የተደበቀ ጎልማሳ የወይዘሮ ቻን ታሪክ ግድግዳው ላይ ቢለጥፍ አይጎዳም።

ለፈተና ፍርሃት አገር ያፈራው መድኃኒት ብዙ ነው። የመጀመሪያው ቡና ነው። «ሦስቱንም ጠጥተሽ ሂጂ፤ ያነቃሻል» ይላሉ ጎረቤቶች። አቦልም፣ ቶናም፣ በረካም ያነቃሉ፤ ግን ልብን የማፍጠኑን ሥራ አድሬናሊን አስቀድሞ ይዞታል፤ ካፌይን ሲጨመርበት እጁ መሪው ላይ እስክስታ ይመታል። ሁለተኛው ባዶ ሆድ መሄድ ነው፤ ማቅለሽለሽን ይከላከላል ይባላል፤ የሚያመጣው ግን ተጨማሪ መንቀጥቀጥ ነው። ሦስተኛው ከዘመድ ቁም ሳጥን የተገኘ ማስታገሻ ክኒን ነው፤ ይህ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ዳያዜፓምና መሰሎቹ ፍርሃቱን ሲያደነዝዙ ፍሬን የሚይዘውንም እግር አብረው ያደነዝዛሉ። አራተኛው ደጃፍ ላይ የማይጠፋው ደላላ ነው። «ማዘር ምን አደከመሽ? እኔ ጨርሼ አመጣልሻለሁ» ይላል። የሚያመጣው ወረቀት ነው፤ ዳገቱን ግን አብሯት አይወጣም።

አምስተኛው ጸሎት ነው፤ ይኼ ጉዳት የለውም። የወይዘሮዋ ጉዳይ ከአክስቷ አላመለጠም፤ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ምስጢሯን አወጣጥተውባታል። አክስትየው ወዲያው ስለታቸውን ተሳሉ፦ «አንቺ ብቻ እለፊልኝ እንጂ ለቁልቢ ገብርኤል ጥላ ይዤ ነው የምሄደው።»

ፍርሃትን የሚቀንሰው ሌላው መንገድ ግን የበረሮዋ ትምህርት ነው። መታጠፊያ ያለው መንገድ ቀጥ እስኪል መለማመድ፣ ሲለማመዱም ተመልካቹን አብሮ ማስቀመጥ። ብዙ ጎልማሳ የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ማንም በማያየው ሜዳ፣ ማንም በማይነሳበት ሰዓት፣ ከለመደው አሰልጣኝ ጋር ብቻ ይለማመዳል፤ የመጀመሪያውን ባዕድ ዓይን የሚያገኘው በፈተናው ቀን ነው። ብልኋ ወይዘሮ ግን አሰልጣኟን «ያ የማይስቀው ጓደኛህ ዛሬ ወረቀት ይዞ ከኋላ ይቀመጥልኝ» አለችው። የመጀመሪያው ዕለት መንደር እስኪሰማ ሞተሩን አጠፋችው። የማይስቀው ሰውዬ ምንም ሳይናገር ጻፈ። በቀጣዩም ጻፈ። ከጥቂት ቀን በኋላ ዳገቱን ወጥታ፣ ቀኝ ይዛ፣ አቁማ፣ ዘወር ስትል ሰውዬው እንቅልፍ ወስዶታል። ከዚያ በኋላ ለፈታኝ ዝምታ ያላት አስተያየት ተለወጠ፤ ዝም የሚል ሰው ሁሉ አልተቆጣም።

እስክሪብቶውም የሚመስለውን ያህል አያስፈራም። ተፈታኝ ሁሉ ፈታኙ አንድ ነገር ሲጭር ባየ ቁጥር «አለቀልኝ» ብሎ ይደመድማል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ስህተት የሚሠራው ከዚህ ድምዳሜ ተነስቶ ነው። የእንግሊዝ ፈተና ለምሳሌ እስከ 15 ጥቃቅን ጉድለት እያለበት ሰው ያሳልፋል፤ የሚጥለው አንድ ከባድ ወይም አደገኛ ጥፋት ነው። አንድ ጊዜ ሞተር ጠፍቶበት ተረጋግቶ የእጅ ፍሬኑን ይዞ እንደገና ያስነሳ ሰው ከጠፋበት ሞተር ይልቅ ያሳየው እርጋታ ሊታይለት ይችላል።

ፍርሃቱን ጨርሶ ማጥፋትም አያስፈልግም። ሮበርት ያርክስና ጆን ዶድሰን በ1908 እ.ኤ.አ. አይጦች ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ ከባድ ነገር በሚማሩበት ጊዜ መጠነኛ ንዝረት ያገኙት አይጦች፣ እጅግ ከደከመውም እጅግ ከበረታውም ንዝረት ካገኙት ቶሎ ተማሩ። ትንሽ ፍርሃት ስፖኪዮ ያሳያል፤ ብዙው ስፖኪዮ መኖሩን ያስረሳል። የሃርቫርዷ አሊሰን ውድ ብሩክስ ደግሞ በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጥናት ሰዎችን በሰው ፊት አዘፈነች። ከመዝፈናቸው በፊት «ፈርቻለሁ» ካሉት ይልቅ «ጓጉቻለሁ» ያሉት የተሻለ ዘፈኑ። የሚመታውን ልብ «ተረጋጋ» ብሎ ማዘዝ አይሰማም፤ ምቱ ግን ለሌላ ጉዳይ ነው ቢሉት ይቀበላል። ሌላው ሁሉ ትናንሽ ነገር ነው። መቀመጫ፣ ስፖኪዮ፣ ቀበቶ፣ ማርሽ፤ ሁልጊዜ በዚሁ ተራ ከተነካኩ እጅ ራሱ ያውቀዋል። ትንፋሽን ወደ ውስጥ ከሳቡት ረዘም አድርጎ ማውጣት የልብን ምት ያዘገያል። ስፖኪዮ ሲታይም ዓይን ብቻ ሳይሆን ጭንቅላትም ይዙር፤ ፈታኙ ያላየው ማየት አይቆጠርም።

ባሕር ማዶ የተሻገረው ጎልማሳ ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል። ዋሽንግተን ዲሲ የጽሑፉን ፈተና በአማርኛ ያቀርባል፤ መሪ ሲጨበጥ ግን ፈታኙ የሚናገረው እንግሊዝኛ ነው። «እባክህ ድገምልኝ» ማለት ነጥብ አያስቀንስም፤ ብዙው ግን አፍሮ በግምት ይታጠፋል። እዚያ የሚቸገረው ደግሞ የሚፈራው ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ዓመታት የነዳው፣ «እኔን ማን ይፈትነኛል» ብሎ የሚገባው፣ የማቆሚያ ምልክቱ ላይ ፍጥነቱን ቀንሶ ብቻ ያልፍና፣ ፊቱ ያለው መኪና ሲዘገይበት ክላክስ ይነካል፤ ሁለቱንም ሳያስበው። ፍርሃት የነበረው ሰው ጎማው ሙሉ በሙሉ እስኪቆም ይጠብቃል፤ ይሄ ግን ሳይፈራ ይወድቃል። ጎረቤቷ ሜሪላንድ በ2015 እ.ኤ.አ. በሁለት መኪና መሐል ገብቶ ማቆምን ከፈተናዋ አውጥታለች፤ ከዚያ በፊት በዚያችው ጠባብ ቦታ ምክንያት የወደቁ ሰዎች እስካሁን ወሬው ሲነሳ ፊታቸው ይቀላል።

አገር ቤትም ነገር እየተለወጠ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ አግዷል፤ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት ደግሞ ፍሪሲዮን የላቸውም። ዳገቱን ሲወጡ የሚንቀጠቀጠው ግራ እግር ሥራ ሊፈታ ነው። ማሰልጠኛ ግቢ ውስጥ ግን ፍሪሲዮን ገና ዙፋኑን አልለቀቀም፤ በባትሪ የምትሄድ መኪና የገዛ ሰው ዳግመኛ ላይረግጠው ለሚችል ፔዳል ሌሊት እንቅልፍ ያጣል።

ወይዘሮዋ አለፈች። ፈታኙ ወረቀቱን አጥፎ «ጥሩ ነው» ብሎ ወረደ፤ በመንገዱ ሁሉ የተናገረው ትልቁ ቃል ይኸው ነበር። ለባሏ ከመደወሏ በፊት የደወለችው ለአክስቷ ነው። ስልኩ ውስጥ እልልታው ጎላ፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ዕቅድ ተቀየረ።

«ተመስገን! እንግዲህ ለታኅሣሥ 19 ቁልቢ ነን። ጥላውን እኔ እይዛለሁ። አንቺ ትነጂያለሽ።»

ቁልቢ ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መካከሉ ላይ የጨርጨር ተራሮች ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ መንገዱ እኮ ዳገት በዳገት ነው!»

«ይሁን» አሉ አክስት። «ለዳገቱ ሌላ ጥላ እንሳላለን።»